ሥራ ለሚበዛበት አንባቢ

ልብ ወለድ ለማንበብ ሰፊ ጊዜ አትጠብቁ፤ አይመጣም። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። በደቂቃ 200 ቃል ገደማ የሚያነብ ሰው በዚህች ጊዜ 10 ገጽ ያህል ይገፋል፤ ባለ 300 ገጹ መጽሐፍ በወር ያልቃል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው አልጋ ላይ ነው። ተጋድሞ ሲያነብ ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ በማግስቱ የት እንደደረሰ ስለማያስታውስ ያንኑ ገጽ ይደግማል፤ ከዚያ መጽሐፉ ይሰለቸዋል። ስለዚህ ከእራት በፊት፣ ወንበር ላይ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ (ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ እጅ ራሱ ይፈልገዋል)። ምዕራፍ ለመጨረስ አትታገሉ፤ ታሪኩ ሲጦፍ ዕልባት አድርጋችሁ ተነሱ፣ ነገ ራሱ ይጎትታችኋል። ገጸ ባሕርያቱ ከበዙ ስማቸውንና ዝምድናቸውን ዕልባቱ ላይ ጻፉ። 50 ገጽ አንብባችሁ ካልጣማችሁ ያለ ይሉኝታ ቀይሩት።