ፓይተን ላይ የዲክሽነሪን ሜተድ እንዴት ኦቨርራይድ እናደርጋለን?

ጅማ ላይ ቡና ለሚረከብ ነጋዴ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም እየሠራችሁ ነው እንበል። ሐሰን ሰኞ 12 ፈረሱላ አስረከበ። ሐሙስ 5 ጨመረ። አንዱ ጸሐፊ ስሙን በ«ሐ» መዘገበው፣ ሌላው በ«ሀ»። ለፓይተን እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የገበሬው ሒሳብ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው፤ ይሄ በቀላሉ የሚታለፍ ስህተት አይደለም።

መፍትሔው ዲክሽነሪው (ስምን ከቁጥሩ ጋር አጣምሮ የሚይዘው) ራሱ ፊደሉን አስተካክሎ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ለዚህም ሜተዶቹን፣ ማለትም ሥራውን የሚሠሩለትን ፈንክሽኖች፣ ኦቨርራይድ እናደርጋለን፤ በራሳችን እንተካቸዋለን።

መጀመሪያ፣ ዋናውን ዲክት (የፓይተንን የራሱን የዲክሽነሪ ክላስ) ለመቀየር አትሞክሩ። ፓይተን አብረውት የመጡትን ክላሶች አያስነካም፤ ታይፕ ኤረር ይላችኋል። ሩቢ የሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ይፈቅዳል፣ ግን ለውጡ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ላይብረሪ ሁሉ ይነካል። ወራሽ ክላስ መፍጠር ይሻላል።

ከማን ትወርሳላችሁ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በቀጥታ ከዲክት ብትወርሱ አፕዴት (ብዙ በአንዴ ማስገቢያው) እና ጌት (ማውጫው) እናንተ የጻፋችሁትን ሜተድ አይጠሩም፤ በውስጥ በኩል በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ኤረር እንኳ አይመጣም። ስሙ ሳይስተካከል ዝም ብሎ ይገባል። ስለዚህ ኮሌክሽንስ ከሚባለው ሞጁል ዩዘር ዲክትን አምጡና ከእሱ ውረሱ።

ቀጥሎ ስም የሚያስተካክል ፈንክሽን ጻፉ። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሁሉም «ሀ» ይሁኑ። አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ደግሞ «አ»። ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፤ እነዚህን እስከ ሳብዓቸው ድረስ። ለዚህ ፊደልን በፊደል የሚተኩት የፓይተን ሜክትራንስና ትራንስሌት ይበቃሉ።

አሁን አራት ሜተዶችን ኦቨርራይድ አድርጉ፦ ሴትአይተም (ማስገቢያ)፣ ጌትአይተም (ማውጫ)፣ ዴልአይተም (መሰረዣ)፣ ኮንቴንስ (መኖሩን መጠየቂያ)። ግራና ቀኛቸው ላይ ሁለት ሁለት አንደርስኮር እንዳትረሱ። በእያንዳንዱ ውስጥ ስሙን አስተካክሉና ሥራውን በሱፐር ለወላጁ ክላስ አስረክቡ። በሱፐር ፋንታ በሴልፍ ከጠራችሁ ሜተዱ ራሱን እየደጋገመ ይጠራና ሪከርዥን ኤረር ያመጣል። ኮንቴንስን «ምን ያደርግልኛል» ብላችሁ አትዝለሉት፤ በአዳዲሶቹ ስሪቶች ጌት ስሙ መኖሩን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ሞክሩት። በ«ሐ» 12 አስገቡ፣ በ«ሀ» 5 ደምሩ፣ ከዚያ በ«ኀ» ጠይቁ። 17 ካላችሁ ሠርቷል።

ደረሰኝ ላይ የሚታተመውን ስም ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ለብቻው አስቀምጡለት።