አበረታች ቅመም ሳያስቡ ለእገዳ የሚዳርጉ ስህተቶች፦ ለሰሜን ሸዋ ሯጮች፣ አሰልጣኞችና ቤተሰቦች

«ዶፒንግ» ሲባል በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ ለብዙ ሰው የሚታየው ኢፒኦ፣ ማለትም ቀይ የደም ሕዋስ የሚያበዛ ሆርሞን፣ የሚወጋ ሯጭ ነው። የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ሕግ ግን 11 ዓይነት ጥፋቶችን ይዘረዝራል፤ በሽንት ወይም በደም ውስጥ የተከለከለ ነገር መገኘት ከ11ዱ አንዱ ብቻ ነው። ከምርመራ መሸሽ፣ ያሉበትን በትክክል አለማሳወቅ፣ መድኃኒቱን ይዞ መገኘት፣ ለሌላ ሰው መስጠት፣ ከታገደ አሰልጣኝ ወይም ሐኪም ጋር መሥራት ሁሉም ያስቀጣሉ። ዓመታት የተለፋበትን እግር በሰዓት አሞላል ወይም በአንድ የክሊኒክ መርፌ ማጣት ያንገበግባል።

«ሳላውቅ የወሰድኩት ነው» ማለት ያድናል ብሎ ማመን

የሕጉ መሠረት ጥብቅ ተጠያቂነት ይባላል። ወደ ሰውነትዎ ለገባው ነገር ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። ማን ሰጠዎት፣ አስበው ነው ወይስ ሳያስቡ የሚለው በአብዛኛው የሚለውጠው የቅጣቱን ርዝመት እንጂ ጥፋቱን አይደለም። ለኢፒኦ፣ ለቴስቶስተሮንና ለናንድሮሎን መነሻው 4 ዓመት ነው፤ ሆን ብሎ እንዳልወሰደ የማስረዳት ሸክሙ የአትሌቱ ሲሆን፣ ካስረዳ ወደ 2 ዓመት ይወርዳል። ለብዙዎቹ የተለመዱ የሕክምና መድኃኒቶች ደግሞ መነሻው 2 ዓመት ነው፤ እዚያ ሆን ተብሎ መወሰዱን ማስረዳት ያለበት ከሳሹ ነው።

ማስረዳት ሲባል በተግባር ቅመሙ በየት በኩል እንደገባ ማሳየት ነው፤ እንባና መሐላ አይበቃም። ስለዚህ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ከነባች ቁጥሩ፣ የሐኪም ማዘዣውንና ደረሰኙን ፎቶ አንስተው ለራስዎ ኢሜይል ይላኩ። ናሙና እስከ 10 ዓመት ተቀምጦ እንደገና ሊመረመር ስለሚችል፣ ፎቶውም ስልክ በተቀየረ ቁጥር የሚጠፋ መሆን የለበትም።

የመገኛ መረጃን በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን መሙላት

በምርመራ ቋት፣ ማለትም ከውድድር ውጭ ሳይነገራቸው በሚመረመሩ አትሌቶች ዝርዝር፣ ውስጥ የተመዘገበ አትሌት በየሦስት ወሩ የሚያድርበትን፣ የሚለማመድበትንና በየቀኑ ያለማቋረጥ ለ60 ደቂቃ የሚገኝበትን ቦታ ያሳውቃል። ይህ 60 ደቂቃ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መሆን አለበት። መረጃው የሚሞላበት መተግበሪያ ግን የሚያውቀው የአውሮፓውያንን ሰዓት ነው። «ጠዋት 12 ሰዓት» ማለት ፈልጎ 12:00 የሞላ ልጅ መርማሪውን የቀጠረው ለቀትር 6 ሰዓት ነው። መርማሪው በቀትር ደርሶ በር ያንኳኳል፤ ልጁ ልምምዱን ጨርሶ ገበያ ወጥቷል። አንድ ጥሰት ተመዘገበ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከእኛ ሰዓት ላይ 6 መቀነስ ወይም መደመር። ጠዋት 12 ሰዓት 06:00፣ ጠዋት 3 ሰዓት 09:00፣ ማታ 2 ሰዓት 20:00 ነው። ለሯጭ የሚመረጠው ከንጋቱ 11 እስከ 12፣ ማለትም 05:00 እስከ 06:00 ነው፤ በዚያ ሰዓት አልጋ ላይ ነዎት፣ ጎዳና አልወጡም። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ወደ ጫካ የሚሄድ ሰው 06:00 ብሎ ቢሞላ በራሱ ላይ ወጥመድ ያጠምዳል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ሩብ ዓመቶቹ የሚጀምሩት ታህሳስ 23፣ መጋቢት 23፣ ሰኔ 24 እና መስከረም 21 ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን መስከረም 20 እና ታህሳስ 22 ይሆናሉ። መረጃው ከነዚህ ቀናት አስቀድሞ መግባት አለበት። ሩቡ ሲጀምር ያልገባ መረጃ ራሱ አንድ ጥሰት ነው። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጥሰት የተሰበሰበበት አትሌት፣ ናሙናው ሁሉ ንጹህ ቢሆንም፣ መነሻ ቅጣቱ የ2 ዓመት እገዳ ነው። እንደ ጥፋቱ መጠን ቢቀነስለት እንኳ ከ1 ዓመት አያንስም።

አድራሻ ላይ «ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ» ብሎ መተው አይበቃም። የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር ከታወቀ ቦታ ይነሱ፦ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን በስንት ሜትር፣ በየት በኩል፣ የበሩ ቀለም፣ ግቢ ውስጥ ስንተኛው ክፍል። የካርታ ነጥብ ቢጨመርበት የተሻለ ነው። መርማሪው ስልክ የመደወል ግዴታ የለበትም፤ «ደውሎልኝ ቢሆን እመጣ ነበር» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም። ለበዓል ወደ መንዝ ወይም ወደ ጣርማ በር ቤተሰብ ጋር ሲወጡ አዲሱን አድራሻ ኔትወርክ ባለበት ከተማ ሳሉ ያስገቡ፤ መንገድ ላይ ኔትወርክ ጠፋ ማለት ብቻውን አያድንም። ማናጀሩ ቢሞላልዎትም ኃላፊነቱ የእርስዎ ሆኖ ይቀራል።

የጥሰት ማስታወቂያ ሲደርስ መልስ ለመስጠት 14 ቀን አለ። ብዙዎች «አንድ ብቻ ነው» ብለው ዝም ይላሉ። ዝም የተባለ ጥሰት ጸንቶ ይመዘገባል፤ ሦስተኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን ለማፍረስ መነሳት እጅግ ይከብዳል።

«የለም በሉት»

መርማሪ በር ላይ ቆሞ ሳለ እናት ወይም ወንድም ልጁን ለማዳን ብለው «አዲስ አበባ ሄዷል» ይላሉ። ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። ከ60 ደቂቃው ውጭ ተፈልጎ በእውነት ያልተገኘ አትሌት ጥሰት አይቆጠርበትም። ቤት ውስጥ ሆኖ የተደበቀ ግን ምርመራ በመሸሽ ይከሰሳል፤ መነሻ ቅጣቱም 4 ዓመት፣ ልክ ኢፒኦ እንደተገኘበት ሰው ነው። ሕጉ የመሸሽን ቅጣት እንዲህ ያከበደበት ምክንያት አለው፤ ቅጣቱ ቀላል ቢሆን የወሰደ ሁሉ መሸሽን ይመርጥ ነበር። ለመርማሪው የዋሸው ሰውም በተባባሪነት ሊጠየቅ የሚችለው በሕጉ ሥር ያለ ሰው፣ ለምሳሌ አሰልጣኝ፣ ሲሆን ነው።

ደግሞም የሚሸሹት ምርመራ የሚያስፈልግዎት ምርመራ ሊሆን ይችላል። የዓለም አትሌቲክስ ኢትዮጵያን ከፍተኛ ክትትል በሚደረግባቸው አገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቷታል። በዚህ ምድብ ያለ አገር አትሌት ለዓለም ሻምፒዮና ወይም ለኦሊምፒክ ለመሰለፍ ከውድድሩ በፊት ባሉት 10 ወራት ውስጥ፣ ከውድድር ውጭና ሳይነገረው፣ ቢያንስ 3 ጊዜ መመርመር አለበት፤ በምርመራዎቹም መካከል ቢያንስ 3 ሳምንት ሊኖር ይገባል። የማለፊያ ሰዓት ያለው፣ ምርመራ የሌለው ሯጭ ከቡድኑ ይቀራል።

ክሊኒክ ገብቶ «ስፖርተኛ ነኝ» አለማለት

የደብረ ብርሃን ብርድ ሳልና የደረት መጨናነቅ ያመጣል፣ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ያደክማል። ሁለቱም ወደ ክሊኒክ ይወስዳሉ። በዚያ ከሚሰጡት ውስጥ ፓራሲታሞል፣ ዳይክሎፌናክና አሞክሲሲሊን አልተከለከሉም። የሚከተሉት ግን አትሌትን ይጥላሉ።

የአየር ቧንቧን የሚከፍተው ሳልቡታሞል በፓፍ ሲወሰድ በ24 ሰዓት እስከ 1,600 ማይክሮ ግራም፣ በየትኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ደግሞ እስከ 600 ማይክሮ ግራም ይፈቀዳል፤ አንድ ጭነት 100 ማይክሮ ግራም ከሆነ በ8 ሰዓት 6 ጭነት ማለት ነው። በሽሮፕ ወይም በኪኒን የሚወሰደው ሳልቡታሞል ግን ያለ ልዩ ፈቃድ ሁልጊዜ ክልክል ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ያው መድኃኒት ነው ብለው ፓፉን ትተው ሽሮፑን ይገዛሉ።

ለድካም የሚሰቀለው «ግሉኮስ» ሁለተኛው ነው። በ12 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ፣ ፈሳሹ ጨውና ስኳር ብቻ ቢሆንም፣ ክልክል ነው፤ አንዱ የግሉኮስ ከረጢት ብዙውን ጊዜ 500 ወይም 1,000 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ነፃ የሚሆነው በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በምርመራ ሂደት የተሰጠው ነው። ከረጅም ሩጫ በኋላ «ጉልበት እንዲመለስ» መሰቀል ከነዚህ ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛው ለጉልበትና ለወገብ ሕመም የሚወጋው ዴክሳሜታዞንና የመሰሉት ናቸው። የሚከለከሉት በውድድር ወቅት ነው፤ ነገር ግን ከሰውነት ለመውጣት ጊዜ ይወስዳሉ። በጡንቻ የተወጋ ዴክሳሜታዞን 5 ቀን፣ ፕሬድኒሶሎን 10 ቀን፣ ትራይአምሲኖሎን 60 ቀን ይጠበቃል። ትራማዶልም እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በውድድር ወቅት ተከልክሏል። እብጠት የሚያስቀንሰው ፉሮሰማይድ፣ በተለምዶ ላሲክስ የሚባለው፣ ሁልጊዜ ክልክል ነው።

«ቪታሚን ነው» ተብሎ ከክሊኒክ ውጭ የሚሰጥ መርፌ ከሁሉ ይከፋል። አንድ ምልክት ይያዙ፦ ኢፒኦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ የተለመደው የቢ ቪታሚን መርፌ ግን አብዛኛውን ጊዜ በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከፍሪጅ ወይም ከበረዶ ሳጥን ወጥቶ ስሙ የተላጠ «ቪታሚን» ከቀረበልዎት እምቢ ይበሉ።

መድኃኒቱ የግድ ካስፈለገ ቲዩኢ የሚባለው የሕክምና ልዩ ፈቃድ አለ። ለውድድር ወቅት ብቻ ለተከለከለ መድኃኒት ማመልከቻው ከውድድሩ ቢያንስ 30 ቀን በፊት ከነሕክምና ማስረጃው ይገባል። የተከለከሉት ዝርዝር በየዓመቱ ታህሳስ መጨረሻ ላይ፣ ጃንዋሪ 1 ስትገባ፣ ስለሚታደስ አምና የጠየቁትን ዘንድሮም ይጠይቁ።

ጫት እንደ ቡና ይቆጠራል ብሎ ማሰብ

ቡና አልተከለከለም። ጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን ግን በውድድር ወቅት የተከለከሉ አነቃቂዎች ናቸው፤ ካቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም ካለፈ ጥሰት ነው። የውድድር ወቅት የሚጀምረው ከዋዜማው ምሽት 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው። ይህ ማለት ግን እስከዚያች ሰዓት መቃም ይቻላል ማለት አይደለም፤ የሚለካው የቃሙበት ሰዓት ሳይሆን በናሙናው ውስጥ የቀረው ነው።

ቅጹን ሳያነቡ መፈረም

ናሙና ሲሰጡ ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ሽንት ያስፈልጋል። በጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃ ያልጠጣ አትሌት ይህን ለመሙላት ሊቸገር ይችላል፤ ጾም ግን ከምርመራ አያስቀርም፣ ያለ መርማሪው ፈቃድ ክፍሉን ለቆ መውጣትም አይቻልም። ተጣድፎ ብዙ ውኃ መጠጣት ደግሞ ሽንቱን ስለሚያቀጥነው ሌላ ናሙና ያስጠይቃል። ዕቃውን ራስዎ ይምረጡ፣ በኤ እና በቢ ጠርሙሶች ላይ ያለው ቁጥር ከቅጹ ጋር አንድ መሆኑን ይዩ፣ ባለፉት 7 ቀናት የወሰዱትን መድኃኒት በሙሉ ያስጽፉ። እንግሊዝኛ ካልገባዎ የሚያስረዳ ሰው የመያዝ መብት አለዎት። ቅር ያሰኘዎት ነገር ካለ በአስተያየት ቦታው ላይ በአማርኛ ይጻፉ።

ለደም ፓስፖርት፣ ማለትም የአትሌቱን የደም ልኬት በየጊዜው ለሚከታተለው መዝገብ፣ ሲሆን ባለፉት 2 ሳምንታት ከ1,500 ሜትር በላይ መኖርዎን ይጠይቃሉ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ «አዎ» ማለት ጥርጣሬ አያመጣም፣ እንዲያውም የሂሞግሎቢን ከፍታን ያስረዳል።

በሽምግልና ያልቃል ብሎ መጠበቅ

ሕጉን ያወጣው የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ (ዋዳ) እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመ፣ በስዊዘርላንድ ሕግ ሥር ያለ የግል ፋውንዴሽን ነው። መንግሥታትን በቀጥታ ማሰር ስለማይችል ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀ፤ ስምምነቱም በ2007 ሥራ ላይ ዋለ። አገር ውስጥ ጉዳዩን የሚይዘው የኢትዮጵያ ፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣን ነው፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለሚሮጡት ደግሞ የዓለም አትሌቲክስ ገለልተኛ የፀረ-ዶፒንግ ክፍል የሆነው የአትሌቲክስ ኢንተግሪቲ ዩኒት አለ። ፌዴሬሽንን በሽማግሌ መለመን፣ ወይም አገር ውስጥ ያለው ኮሚቴ ነፃ ቢያወጣ ጉዳዩ እንዳለቀ መቁጠር ከንቱ ነው፤ ዋዳ ሎዛን ወዳለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል።

አትሌቱን የሚጠቅመው ቀን መቁጠር ነው። መነሻው 4 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ክስ ሲደርሰው በ20 ቀን ውስጥ ጥፋቱን አምኖ ቅጣቱን የተቀበለ 1 ዓመት ይቀነስለታል። ወደ ግልግል ፍርድ ቤቱ ይግባኝ ለማለት 21 ቀን አለ። ደብዳቤው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ በኢሜይል ይመጣል፤ የማናጀሩን ኢሜይል ብቻ ያስመዘገበ ልጅ ቀኑ ካለፈ በኋላ ይሰማል። የራስዎን ኢሜይል ያስመዝግቡ፣ ደብዳቤው በደረሰበት ቀንም የሚያስተረጉም ሰው ይፈልጉ።

በእገዳ ላይ ሳሉ መሮጥ

እገዳ ከዓለም አቀፍ ውድድር ብቻ አያስቀርም። ፌዴሬሽኑ ወይም አባል ክለቦቹ ባዘጋጁት የዞን ሻምፒዮናና የጎዳና ሩጫ መሳተፍ፣ ከክለብ ጋር ልምምድ መሥራትም ክልክል ነው። የጣሰ አትሌት እስከ መጀመሪያው ቅጣት ርዝመት የሚደርስ አዲስ እገዳ ይጨመርበታል። ወደ ክለብ ልምምድ መመለስ የሚቻለው በመጨረሻዎቹ 2 ወራት ወይም በቅጣቱ የመጨረሻ ሩብ፣ ከሁለቱ ባጠረው ጊዜ ነው። የ4 ዓመት እገዳ ሩቡ 1 ዓመት ስለሆነ የሚሠራው 2 ወሩ ነው፤ የ6 ወር እገዳ ከሆነ ደግሞ ሩቡ፣ አንድ ወር ተኩል።