«ቦሮው»ን ከነሥሩ ማወቅ፦ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ እንዴት ይጠናል

ለአንድ ግስ አንድ ሙሉ የደብተር ገጽ ስጡ። የትርጉም መተግበሪያውን ለጊዜው ዝጉት፤ «ተበደረ» ብሎ ያልፋል እንጂ ግሱ ምን አስከትሎ እንደሚሄድ አይነግራችሁም። ለቋንቋ ተማሪ የተዘጋጀ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ይሻላል።

ትርጉሙን በራሳችሁ አማርኛ ጻፉ፦ የሰውን ነገር ለመመለስ አስቦ መውሰድ። እኛ ዕቃ ሲሆን «ተዋሰ»፣ ገንዘብ ሲሆን «ተበደረ» እንላለን፤ እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ቦሮው» ይላል።

ቀጥሎ ሥሩ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቦርግ» መያዣ፣ ዋስትና ማለት ነበር፤ «ቦርጊያን» የሚለው ግስ ከዚያው ጋር ይዛመዳል። አሁን «ተዋሰ»ን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ውስጡ «ዋስ» አለ፣ በግእዝ «ዋሕስ»። የማይዛመዱ ሁለት ቋንቋዎች መዋስን ከዋስ አስተሳስረውታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፏቸው፤ ቃሉን ሃያ ጊዜ ከመገልበጥ ይበልጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አጠቃቀሙ ላይ ነው። «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» የሚለው ስህተት ምንጩ አማርኛችን ነው። «ተዋሰ» እና «አዋሰ» አንድ ሥር አላቸው፤ ፊደል ስንቀይር ተቀባዩ ሰጪ ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን ለሰጪው ሌላ ግስ አለው፣ «ሌንድ»። ስለዚህ «እስክሪብቶ አውሰኝ» ለማለት «ሌንድ ሚ ዩር ፔን» ወይም «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን» ነው።

መፍትሔው አንዱን ድርጊት ከሁለቱም ወገን መጻፍ ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል አንድ ዓሣ አስጋሪ ከጓደኛው መረብ ተዋሰ እንበል። ከወሳጁ ወገን፦ «ሂ ቦሮውድ ኤ ኔት ፍሮም ሂዝ ፍሬንድ»። ከሰጪው ወገን፦ «ሂዝ ፍሬንድ ሌንት ሂም ኤ ኔት»። «ፍሮም»ን በቀይ አስምሩበት፤ «ቦሮው» ባለንብረቱን የሚጠራው በእርሱ ነው። «ሌንድ» ተቀባዩን ሰው ያለ መስተዋድድ ያስከትላል፤ ዕቃው ከቀደመ ብቻ «ቱ» ይገባል። ኃላፊ ጊዜው «ሌንት» ነው፣ «ሌንድድ» የሚባል የለም።

ከቦታው የማይነሣ ነገር አይዋሱም፤ ለመጸዳጃ ቤት «ካን አይ ዩዝ» በሉ።

በሦስተኛው ቀን ገጹን ሸፍናችሁ ሁለቱን የመረብ ዓረፍተ ነገሮች ጮክ ብላችሁ በሉ። «ፍሮም» ከጠፋባችሁ በራሳችሁ ዕቃ አምስት አዲስ ጥንዶች ጻፉ።