ከድሬዳዋ እስከ ዛንዚባር፦ የባሕር ጉብኝት እንዴት ይያዛል

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ውኃን የሚያውቀው በደቻቱ ወንዝ ነው። ከርሞ ከርሞ አንድ ሌሊት ይወርዳል፣ ሲነጋ ደረቅ አሸዋ ነው። ባሕር ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ይህን ሳላውቅ የታንዛኒያ ደሴት ወደሆነችው ዛንዚባር ሄጄ እግሬን ተጎዳሁ፤ ከከተማችን ለሽርሽር የሚሄዱ ሰዎች ሲጠይቁኝም አስቀድሜ የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

1. ወረቀትና ሻንጣ። የታንዛኒያን ቪዛ በኢንተርኔት ቀደም ብላችሁ አመልክቱ፤ የመጨረሻው ሳምንት ላይ አትተዉት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው 44 ዶላር የጉዞ ኢንሹራንስ ይከፍላል። ፌስታል ታንዛኒያ ውስጥ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክልክል ስለሆነ ዕቃችሁን በጨርቅ ቦርሳ አድርጉ። ጫት ደግሞ እዚያ በሕግ የተከለከለ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ለእኛ ሰው ይህን ደግሜ እላለሁ፦ አንዲት እንጨት እንኳ ሻንጣ ውስጥ አትቅር።

2. አስጎብኚ መምረጥ። የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ስቶን ታውን ስትገቡ ጀጎል የገባችሁ ይመስላችኋል፤ ጠባብ መንገድ፣ የተቀረጸ በር፣ በየማዕዘኑ «ላስጎብኛችሁ» የሚል ወጣት። እዚያ እንዲህ ያሉትን ፓፓሲ ይሏቸዋል፣ መዥገር ማለት ነው። ስሙ ለእኔ ይከብዳል፤ ብዙዎቹ እንጀራ ፈላጊ ልጆች ናቸው። ሆኖም ባሕር ላይ የሚወስዳችሁ ሰው ፈቃድና መታወቂያ ሊኖረው ይገባል። አሳየኝ በሉት። ዋጋው ጀልባውን፣ ነዳጁን፣ የዋና መነጽሩን፣ ምሳውንና የጥብቅ ክልሉን መግቢያ ያካትት እንደሆነ በጽሑፍ ያዙ። ርካሹን መምረጥ ባሕር ላይ አያዋጣም።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፤ «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ካሉ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲነግሯችሁ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይሆናል። በየትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ ቀጠሮ አትያዙ።

3. የባሕሩን ሰዓት ማወቅ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ባሕሩ ከሸሸበት እስከሚሞላበት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ዛሬ 4 ሰዓት ላይ ከሸሸ ነገ ወደ 5 ይጠጋል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የሄደ ጓደኛችሁ የነገራችሁ ሰዓት ለእናንተ አይሠራም። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፣ ማለትም የሂጅራው ወር ሲገባና 15ኛው ቀን አካባቢ፣ ባሕሩ በጣም ርቆ ይሸሻል፣ በጣምም ይሞላል። ጨረቃዋ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ያንሳል። ቤታችሁ የሂጅራ መቁጠሪያ ከተሰቀለ ቀናችሁን ከእሱ መምረጥ ትችላላችሁ፤ ሰዓቱን ደግሞ ከሆቴሉ ጠይቁ።

ቦታም ይለያያል። በሰሜን ኑንግዊና ኬንድዋ ውኃው ብዙ አይርቅም። በምሥራቅ ፓጄና ጃምቢያኒ ግን ባሕሩ ሲሸሽ ሜዳ ይሆናል፤ ሴቶች በእግራቸው ገብተው የባሕር አረም ያለማሉ።

እኔ የተጎዳሁት በዚሁ በምሥራቁ በኩል ነው። ስንሄድ ውኃው ደረት ይደርስ ነበር። ዓሣ ስናይ ቆየን፣ ስንመለስ ጀልባው ከዳርቻው ርቆ አሸዋ ላይ ተቀመጠ። አስጎብኚው «ውረዱ፣ በእግር ነው» አለ። ነጠላ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ባዶ እግሬን ሁለት እርምጃ ሳልሄድ የባሕር ጃርት ረገጥሁ። ጥቁር ነው፣ ከቡጢ አይበልጥም፣ እሾሁ እንደ መርፌ ገብቶ እዚያው ይሰበራል። ተረከዜ ላይ ሰባት ጥቁር ነጥብ ቆጠርሁ። አረም የምትሰበስብ እናት የጥሬ ፓፓያ ወተት አንጠባጠቡልኝ፤ የቀረውን ማታ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፌ በወረንጦ አወጣሁ። ለሦስት ቀን ጫማ ማድረግ አልቻልሁም። ሰውዬው ሰዓቱን ያውቅ ነበር፤ እኔ ግን አልጠየቅሁትም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ባሕሩ ስንት ሰዓት ይሸሻል? እኛስ ስንት ሰዓት እንመለሳለን?» በሉ። ወፍራም ሶል ያለው፣ ከእግር የማይወልቅ የውኃ ጫማ ግዙ። ከሁሉም ዕቃ አንድ ብቻ ግዙ ብትሉኝ እሱን እላለሁ።

4. ጀልባ ላይ። ላይፍ ጃኬቱን ከመነሳታችሁ በፊት ልበሱና ማሰሪያውን ፈትሹ። መነጽሩን ያለ ማሰሪያው ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ በአፍንጫ አየር ሳቡ፤ ካልወደቀ ልካችሁ ነው። ሙሉ እጅጌ ቲሸርት ልበሱ። የድሬ ፀሐይ ያሳደገን ነን ብላችሁ አትተዉት፣ ውኃ ላይ ተደፍታችሁ ስትቆዩ ጀርባችሁ ይቃጠላል።

5. የት? ለመጀመሪያ ጊዜ ከስቶን ታውን ፊት ለፊት ያለችውን ናኩፔንዳ እመርጣለሁ። «እወድሃለሁ» ማለት ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ብቅ የምትል ነጭ የአሸዋ ደሴት ናት፣ ዛፍ የላትም። ምሳ የበላነው መሃሏ ላይ ነበር። ሐብሐቡ ሳያልቅ ውኃው የጠረጴዛውን እግር መላስ ጀመረ፤ ካፒቴኑ ጃንጥላውን እየነቀለ ጠራን። መጀመሪያ ሲጠራ ተነሱ፤ ጀልባው ርቆ ስናየው አሸዋ የሚባል አልነበረም።