ሮም ላይ ወፍ ልታዩ ስትወጡ ጃንጥላ ያዙ

በክረምታቸው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሮም ከሆናችሁ፣ አንድ ቀን ወደ ማታ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ውጡ። (አደባባዩ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ላለቁት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ይህንንም እያሰባችሁ ቁሙ።)

ስታርሊንግ የሚባሉት ጠቆር ያሉ ትንንሽ ወፎች ከሰሜንና ከምሥራቅ አውሮፓ ብርድ ሸሽተው ይመጣሉ። ቀን ገጠር ሲለቅሙ ይውሉና ለአዳር ከተማ ይገባሉ። ከተማው ይሞቃላ!

ሰዓት ላይ አትሸወዱ። ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። በታኅሣሥ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ መቆም ነው። ከጨለመ የሚቀራችሁ ጫጫታው ብቻ ነው።

ሰማዩ ላይ እንደ ጭስ ሲጠቀለሉ አለቃ ያላቸው ይመስላል። የላቸውም። በ2021 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የፊዚክስ ሊቅ ጆርጆ ፓሪዚ የነበረበት ቡድን እዚያው አጠገብ ካለ ጣሪያ ላይ ፎቶ እያነሳ አጥንቷቸዋል። እያንዳንዱ ወፍ እያየ የሚከተለው ቅርቡ ያሉትን ስድስት ሰባት ወፎች ነው። መንጋው ድንገት ከተኮማተረ ደግሞ ጭልፊት መጥቶ ሊሆን ይችላልና ዙሪያውን ፈልጉ።

ዋናው ነገር፦ ከዛፍ ሥር አትቁሙ። ኩሱ እንደ ዝናብ ነው የሚወርደው፤ የሮም ሰው ራሱ ያለ ዝናብ ጃንጥላ ይዘረጋል። በቲበር ወንዝ ዳር አስፋልቱም ያንሸራትታል። ሞተር ሳይክል የምትነዱ፣ ቀስ በሉ።