«ሲስተር፣ ፓፉ አልሠራልኝም»፦ የአስም መድኃኒት ችግርና መፍትሄ ለነርሶች

ደሴ ላይ ብርዱ ሲጠና ይህን አቤቱታ ደጋግመን እንሰማለን። መድኃኒት ይቀየር ከማለታችን በፊት «እስቲ እኔ ፊት ይሳቡት» እንበል። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ይታያል።

«እነፋለሁ፣ ትንፋሼ ግን አይከፈትም»

ሳልቡታሞል የተኮማተረውን የአየር ቧንቧ ጡንቻ ያላላል፤ ሳንባ ከደረሰ ማለት ነው። ተጭነው ሳይስቡ ከቀሩ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ፓፉን መነቅነቅ፣ አየር ማስወጣት፣ ቀስ ብሎ መሳብ ሲጀምሩ አንዴ መጫን፣ ከዚያ ትንፋሽን 10 ሰከንድ ያህል መያዝ። ይህ ለከበዳቸው አዛውንትና ለሕፃናት ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ፣ መድኃኒቱን ይዞ የሚያቆይ ዕቃ) ያስፈልጋል። ከሌለ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይሠራል። ታችኛውን በፓፉ አፍ ልክ በስታችሁ ፓፉን ግጠሙበት፤ ታካሚው በላይኛው አፍ ይሳብ።

«በየቀኑ ካልነፋሁ አልውልም፤ ሌሊትም ይቀሰቅሰኛል»

እዚህ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ሳልቡታሞል በደቂቃዎች ይከፍታል፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። የቧንቧውን እብጠት ግን አያክምም። እሱን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። ውጤቱ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ታካሚው ወዲያው ለውጥ ስለማያይ ይተወዋል። በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ «ሲሻልዎትም አያቋርጡት» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ረመዳን ሲገባ የሚያቆሙም አሉ። በቀን ሁለቴ የታዘዘ ከሆነ ለአፍጥርና ለሱሁር ይመቻል። ጊና (GINA) የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም ሕክምና መመሪያም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዋቂዎችና ለወጣቶች ሳልቡታሞልን ብቻውን መስጠት አይመክርም። ሐኪሙን አስታውሱት።

በዚያው ሌላ የሚወስዱትን መድኃኒት ጠይቁ። የልብና የደም ግፊት መድኃኒቱ ፕሮፕራኖሎል አስምን ያስነሳል፤ አስፕሪንም በአንዳንዶች ላይ። ቤት ውስጥ የከሰልና የዕጣን ጭስ ካለም እንዲሁ።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» የሚሉት ከሳልቡታሞሉ ነው፤ ቶሎ ያልፋል። አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ከወጣ ደግሞ የስቴሮይዱ ቅሪት የጋበዘው ፈንገስ ነው። ለሐኪም ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ከሳቡ ቁጥር አፋቸውን ተጉመጥምጠው ይትፉ።

አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የሚያንቀላፋ ታካሚ

ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ጠፋ ብላችሁ እንዳትረጋጉ፤ አየር መግባት አቁሞ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ጥሩ፣ ኦክስጅን ስጡ፣ ሳልቡታሞል በስፔሰር ከ4 እስከ 10 ፓፍ፣ አንድ በአንድ፣ በየ20 ደቂቃው ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት። የታዘዘውን ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ሃይድሮኮርቲዞን፣ አታዘግዩ፤ መሥራት የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው።