የቅጥር ኮሚቴ አባል ሆነዋል? አድልዎ የሚገባበትን ቀዳዳ እንዴት እንደሚደፍኑ

ባሕር ዳር ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው መስፈርቱን አይደለም። «ቦታው ክፍት ነው ወይስ ባለቤት አለው?» ነው የሚለው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር ላይ ቆሞ ማስታወቂያውን በስልኩ ፎቶ የሚያነሳው ልጅ እንኳ፣ ለዘመድ የሚልከው «እዚያ ሰው እናውቃለን?» ብሎ ጽፎበት ነው። ጥርጣሬው ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ግን ከሜዳ የመጣም አይደለም።

መምህር ወይም የአስተዳደር ሠራተኛ ከሆኑ፣ አንድ ቀን የቅጥር ኮሚቴ ላይ መመደብዎ አይቀርም። በእኔ እምነት አድልዎ የሚሾልከው ባልተጻፈው በኩል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ በአብዛኛው ቀድሞ የመጻፍ ሥራ ነው።

1. ሰውየውን ሳይሆን ሥራውን ይጻፉ

ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ተቀጣሪው ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሚሠራ በወረቀት ያስፍሩ። ከዚያ እያንዳንዱን መስፈርት ይጠይቁት፦ ይህ ባይኖር ሥራው ይበላሻል? ካልተበላሸ ይሰርዙት። «ዕድሜ ከ30 በታች»፣ «ጥሩ ቁመና ያላት» የሚሉት እዚህ ላይ ይወድቃሉ። አንድን ሰው ታስቦ የተሰፋ መስፈርትም እዚሁ ይታያል። የሥራ ልምዱ በትክክል የአንዱን ጊዜያዊ ሠራተኛ ፋይል የሚመስል ከሆነ፣ ነገሩ ገብቶዎታል።

ጊዜውንም ይዩ። አርብ ከሰዓት ተለጥፎ ማክሰኞ የሚዘጋ ማስታወቂያ ለማን እንደወጣ ሁሉም ያውቃል።

2. ሕጉን በአጭሩ ይያዙ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በብሔር፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በማኅበራዊ አመጣጥ፣ በሀብትና በመሳሰሉት ሰውን መለየት ይከለክላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በከፍተኛ ትምህርት አዋጅና በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ይመራሉ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ።

ከዝርዝሩ ውስጥ «ማኅበራዊ አመጣጥ» የሚለውን ብዙዎች ዘለው ያልፉታል። ጣና ዳር ለምንኖር ግን ዋናው እሱ ነው። ነገደ ወይጦ በሐይቁ ዙሪያ የደንገል ታንኳ እየሠሩ፣ ዓሣ እያጠመዱ ለዘመናት ኖረዋል። ለዘመናትም ተገልለዋል። ሸክላ ሠሪውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸማኔውም እንዲሁ በሙያው የንቀት ስም ወጥቶለታል። ዲግሪ ይዞ የመጣ የእነዚህ ሰዎች ልጅ ሲገባ በኮሚቴው ጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረግ ጥቅሻ ቃለ ጉባኤ ላይ አይሰፍርም። ውጤት ላይ ግን ይሰፍራል። ሰብሳቢ ከሆኑ ያኔውኑ ያስቁሙት።

3. ነጥብ መስጫውን ፋይል ሳይከፈት ይጨርሱ

ለጽሑፍ ፈተና ስንት፣ ለቃለ መጠይቅ ስንት፣ ለትምህርት ውጤት ስንት እንደሚያዝ አስቀድማችሁ ወስኑና ፈርሙበት። ቃለ መጠይቁ ላይ ብዙ ነጥብ አይቆልሉ፤ ማንሻና መጣያው እሱ ነው።

የፈተና ወረቀት በስም ሳይሆን በቁጥር ይታረም። እኛ ሀገር ስም ብቻውን ብዙ ይናገራል። የአባት ስም ሲጨመርበት ፆታውንም፣ ሃይማኖቱንም፣ አንዳንዴ የትውልድ አካባቢውንም ያወጣዋል።

ቃለ መጠይቅ ላይ እያንዳንዱ አባል ለብቻው፣ በእስክሪብቶ ነጥቡን ይሙላ። ውይይቱ ከዚያ በኋላ ነው። ዲኑ መጀመሪያ «ይቺ ጎበዝ ናት» ካለ በኋላ የሚሞላ ነጥብ የዲኑ ነጥብ ነው።

4. ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ

ጥያቄዎቹ ተጽፈው ይቅረቡ፤ ሁሉም ተወዳዳሪ እነሱኑ ይጠየቅ። «አግብተሻል?»፣ «ልጅ አለሽ?»፣ «ልትወልጂ ታስቢያለሽ?»፣ «ጾም ትጾማለህ?» አይጠየቁም። ሥራው ቅዳሜ መግባት የሚጠይቅ ከሆነ «ቅዳሜ ላብራቶሪው ክፍት ነው፤ መግባት ይችላሉ?» ይበሉ። ሴቷንም ወንዱንም።

አስቸጋሪው «የየት ሀገር ልጅ ነህ?» ነው። እንደ ሰላምታ ስለምንቆጥረው ማንም ክፋት አይታየውም። ልጁ መልስ ሲሰጥ ግን አንዱ ፈታኝ ፈገግ ብሎ «ኧረ የኛው ልጅ ነሃ!» ይላል። ውጪ ተራ የሚጠብቁት አምስት ልጆች ያንን ፈገግታ አያገኙም። ወጉን ለሻይ ሰዓት ያቆዩት።

5. ፈተናው ራሱ በር እንዳይዘጋ

ማስታወቂያው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ «ለፈተና የተለየ ማመቻቸት የሚፈልጉ አመልካቾች ሲመዘገቡ ያሳውቁ።» ከዚያ የተጠየቀውን ያዘጋጁ። ዓይነ ስውር ከሆነ አንባቢ፣ ብሬይል ወይም ስክሪን ሪደር (ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ያለው ኮምፒውተር፤ መስማት ለተሳናት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፈትናችሁ በዊልቸር የመጣውን «ቀረ» ብላችሁ መመዝገብ ነውር ነው።

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቀጣሪው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድዳል። አድልዎ ተፈጽሟል ተብሎ ክስ ሲቀርብም የማስረዳት ሸክሙን ወደ ቀጣሪው ያዞራል። «ይከብደዋል ብለን አዝነንለት ነው» መከላከያ አይሆንም። ይክበደው አይክበደው የሚናገረው ራሱ ነው።

6. የማታው ስልክ

ይደወላል። «ወንድሜ፣ ነገ አንዲት ልጅ ትመጣለች፣ እንደ ልጄ ናት...» ይሉኝታ ያለብን ሰዎች ስለሆንን መልሱን ቀድሞ ማዘጋጀት ይሻላል። «ጋሼ፣ ኮሚቴው ውስጥ ነኝ። ስለ እሷ ካወራን መውጣት ይኖርብኛል» ማለት በቂ ነው። ሳያስቀይም ይዘጋዋል። ተወዳዳሪው ዘመድዎ፣ የሚስትዎ እህት ወይም የጽዋ ማኅበርተኛዎ ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ አሳውቀው ይውጡ። ዝም ብሎ ተቀምጦ «እኔ አላዳላም» ማለት አያዋጣም።

7. አዎንታዊ ድጋፍ

አዎንታዊ ድጋፍ ማለት ተገልሎ ለቆየ ወገን በውድድር ላይ ተጨማሪ ነጥብ ወይም ቅድሚያ መስጠት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ለሴቶች ይህን ይፈቅዳል። በመመሪያው የተቀመጠውን ልክ ማስታወቂያው ላይ ጽፈው፣ እንደተጻፈው ይተግብሩት። ነጥብ ከተደመረ በኋላ ትዝ የሚል ድጋፍ ሴቷንም ያሳማል።

8. ውጤቱ ይለጠፍ

ጠቅላላ ድምር ብቻ ሳይሆን የየፈተናው ነጥብ ተዘርዝሮ ይለጠፍ። የቅሬታ ማቅረቢያ ቀንና ቢሮ ቁጥር ሥሩ ይጻፍ። ቃለ ጉባኤውና የነጥብ ወረቀቶቹ በፋይል ይቀመጡ። ለደረጃ እድገትና ለትምህርት ዕድልም አሠራሩ ያው ነው።

ተወዳዳሪ ከሆኑና ተበድያለሁ ካሉ፣ መጀመሪያ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ በጽሑፍ ያመልክቱ። ካልተሳካ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ላይ ጽሕፈት ቤት አላቸው። ማስታወቂያውን በወጣበት ቀን ፎቶ ያንሱት፤ በኋላ ከሰሌዳው ሊወርድ ይችላል። ደብዳቤዎን በሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱና መዝገብ ቤት በእርስዎ ኮፒ ላይ ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም እስኪያሳርፍበት ከመስኮቱ አይነሱ።